የሳጅን ደባልቄ ምስክር

ዋና ሳጅን ደባልቄ የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከእጁ ሰው አምልጦ አያውቅም። ይህን ሠርግ ቤት ይናገራል፣ ለቅሶ ቤት ይናገራል፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ ለፀጉር ቆራጩ ይናገራል። «ሌላው ዘብ ዞር ሲል ሰው ይጎድልበታል። እኔ ዞርም ብል ሙሉ ነኝ» ይላል። የማይወዱት ባልደረቦቹ እንኳ ይህን አይክዱትም።

ልማዱ ቤቱም ድረስ ይከተለዋል። አሶሳ ዳር ባለው ግቢው ዶሮዎቹን ጠዋትና ማታ ይቆጥራል። ሚስቱ አረጋሽ ገበያ ውላ ስትገባ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር? ምን ይዘሽ ገባሽ?» ይላታል። እሷም ዘንቢሏን እፊቱ ዘርግፋ «ፈትሽ» ትለዋለች። ሽንኩርቱን አገላብጦ አይቶ «እለፊ» ይላታል። ሁለቱም አይስቁም። ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ የተጋቡ ናቸው፤ ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ ቀልዱና ቁም ነገሩ ተደባልቋል።

በዚያ ዓመት ማረሚያ ቤቱ አዲስ የጥበቃ ማማ አሠራ። የብረት መሰላል ያለው፣ ከዋንዛ ዛፍ የሚረዝም ማማ ነው። ተረኛ ሲመደብ የደባልቄ ስም ወጣ።

የደባልቄ ጉልበት ግን ካለቀ ቆይቷል። ሲራመድ ይንቋቋል። እስረኞቹ ከሩቅ በድምፁ ያውቁታል፤ ካርታ የሚጫወተው ካርታውን ይሸሽጋል፣ ሲጋራ የያዘው ያጠፋል። ይህ ጉልበት ከመሰላሉ አጋማሽ አደረሰውና ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለው። ሁለት ወጣት ዘቦች ወጥተው እንደ ማሽላ ጆንያ ተሸክመው አወረዱት። እስረኛው ሁሉ በግቢው ቆሞ ያይ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳጅን ሊያመልጥ ሲል ተያዘ» አለ።

ደባልቄ ወደ አዛዡ ወደ ኮማንደር ሌንጂሳ ቢሮ ገባ። ኮማንደሩ ከወለጋ የመጣ፣ ሲናገርም ሲያዝንም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ ማማው አይሆነኝም።»

«ሰው የለኝም፣ ሳጅን። ወይ ማማው ላይ ትወጣለህ፣ ወይ ከሥራ ትወጣለህ።»

«ከሥራ የምወጣው በጡረታ ነው ወይስ በባዶ እጄ?»

«እሱን ሰው ኃይልን ጠይቅ።»

የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሚስጥር ትባላለች። ወጣት ናት፤ ሕጉን ግን ከሽማግሌ ይልቅ ታውቀዋለች። አስቀምጣ አስረዳችው። ለማዕረጉ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ነገር ግን ዕድሜው ወደ ጡረታ የተጠጋ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ካገለገለ በፈቃዱ ሊወጣ ይችላል፤ አበሉም ይጠበቅለታል። ሃያ አምስት ካልሞላ ግን ቀሪውን ሦስት ዓመት ማማው ላይ ነው።

«እርስዎ ያለዎት ሃያ ሦስት ነው» አለችው።

«ሃያ አምስት ነው። የእርሻ ጣቢያውን ሁለት ዓመት ረሳሽው።»

«አልረሳሁም። የጣቢያው ፋይል የለም።»

«ማን ወሰደው?»

«ምስጥ።»

ደባልቄ አተኩሮ አያት። «ራስሽ ነሽ የወሰድሽው?»

«እኔ ሚስጥር ነኝ፣ ሳጅን። ፋይሉን የበላው ምስጥ ነው።» ጥግ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ከፍታ አሳየችው። ውስጡ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። ያገሩ ምስጥ ቋሚ ይበላል፣ አልጋ ይበላል፤ ወረቀትማ ቁርሱ ነው።

ደባልቄ አፈሩን በጣቱ ነካ አደረገው። «ሁለት ዓመቴ ይኸ ነው?»

«ምስክር ከመጣ ይመለሳል። መመሪያው ‹አብሮት የሠራ ሰው› ነው የሚለው። ሁለት ሰው ያምጡ።»

የእርሻ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረ ነው፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ጥቂት እስረኞች ማሽላና በቆሎ ያለሙበት ነበር፤ ደባልቄ ዘብነት የጀመረው እዚያ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ሞቷል። አብረውት ከነበሩት ሁለት ዘቦች አንዱ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ቀረ፤ ሌላው ፓዌ ልጁ ቤት ተኝቶ ሰው አይለይም። የቀረችው ወጥ ቤቷ እማማ ወለተሥላሴ ብቻ ናት። ደባልቄ ስኳር ይዞ ቤቷ ሄደ።

«እመሰክራለሁ» አለች። «ማባያው አነሰኝ እያልክ ሁለት ዓመት ያስቸገርከኝን እንዴት እረሳለሁ?»

«ሌላ ሰው ግን ጠፋ፣ እማማ።»

«ዐወድ አለ አይደል? ማንጎ ነጋዴው።»

«እሱ እኮ እስረኛ ነበር።»

«ታዲያስ? አብሮህ የሠራ አይደል ያሉህ? ከዚያ ሁሉ ሰው የሠራ እሱ ብቻ ነው። አንተማ ዛፍ ሥር ነበርክ።»

ደባልቄ ተመልሶ ሚስጥርን ጠየቀ። እሷም መመሪያውን ገልጣ እንደገና አነበበችው። አብሮ የሠራ ይላል እንጂ ደመወዝተኛ ይሁን አይልም።

«ሰውየው አብሮዎት ሠርቷል?»

«ሠርቷል። እሱ ጎንብሶ፣ እኔ ቆሜ።»

ሚስጥር ከንፈሯን ነከሰች። «ያምጡት» አለች።

ዐወድ የበርታ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከሱዳን ሳሙናና ብስኩት በአህያ ሲያሻግር ተይዞ ታስሮ ነበር። ዛሬ አሶሳ ገበያ ውስጥ ትልቅ የማንጎ መጋዘን አለው፤ ሐጅም አድርጓል። አማርኛውን ሌላው ነጋዴ ይሰማዋል፤ ወንድና ሴት መለየቱን ግን ከጅምሩ ንቆ ትቶታል። ደባልቄ ሲገባ ሣጥን እያስጫነ ነበር።

«ሐጂ፣ እንደምን ነዎት?» አለው ደባልቄ።

ዐወድ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም። «ማንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ።»

«ሳጅን፣ ታመምክ?»

ተቀመጡ። ዐወድ ማንጎ ልጦ ሰጠው። ደባልቄ ስለ ምስጡ፣ ስለ ማማው፣ ስለ ጉልበቱ ነገረው። ዐወድ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እመሰክራለሁ» አለ። «ግን ሐጅ አድርጌያለሁ። ወላሂ ብዬ ውሸት የለም።»

«ውሸት ማን ጠየቀህ?» አለ ደባልቄ። እርስዎው ካፉ ወድቆ ነበር።

«ዓመቱን በምን አወቅህ ካሉኝ እነግራለሁ። እኔ በሁሪያ ነው የማውቀው።»

«ሁሪያ ማናት?»

«የመጀመሪያ ልጄ። እዚያ ስታስረኝ ተወለደ።»

«አዎን፣ ትዝ አለኝ። ለስም ማውጫዋ ልሂድ ብለህ ፈቃድ ጠይቀህ ነበር።»

«ማመልከቻ ጻፍ አልክ። እኔ መጻፍ አላውቅም። ሰባተኛ ቀን ደረሰ። ኸላስ፣ በቃ፣ ሄድኩ።»

«ወዴት ሄድክ?»

«ቤቴ።»

ደባልቄ ማንጎውን አስቀመጠ። «ከየት?»

«ከእርሻው። ጠዋት ከቆጠራ በኋላ። የሥራ ቱታዬን አወለቅሁ፣ ለማሽላ አገዳ አለበስኩት። ኮፍያ አደረግሁለት። ዶማውን አስደገፍኩት። አንተ ማንጎው ሥር ነበርክ፣ ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ነበር።»

«የወፍ ማስፈራሪያ?»

«የወፍ ማስፈራሪያ። አብረውኝ የታሰሩት ማታ ነገሩኝ። ረፋድ ላይ ‹ዐወድ፣ ዝም ብለህ አትገተር› ብለህ ጮህክ። እሱ ዝም አለ። ከሰዓት በጣም ተናደድክ፤ ‹እንግዲያው እንደቆምክ ዋል፣ ትነቃነቅና ወየውልህ› አልክ። አልተነቃነቀም።»

ደባልቄ ያን ማታ አስታወሰ። በቆጠራው ጊዜ ዐወድን ከሰልፍ አስወጥቶ በሁሉ ፊት አመስግኖት ነበር። «ዛሬ ታዘዝክ። ዛሬ ሰው ሆነህ ዋልክ» ብሎት ነበር። እስረኞቹ በሙሉ ያስሉ ነበር። ደባልቄም ጉንፋን ገብቷል ብሎ ለኃላፊው ሪፖርት አድርጎ ነበር።

«ካልጠየቁህ አትናገረው» አለ በመጨረሻ።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ እናገራለሁ።»

ደባልቄ ቤቱ ገብቶ ዶሮዎቹን ሳይቆጥር ተቀመጠ። አረጋሽ ይህን አይታ ሰው የሞተ መሰላት። ነገሩን ሲነግራት መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ቀጥሎ ግድግዳ ያዘች፤ ቀጥሎ ተቀመጠች።

«ሳቂ» አላት። «ነገ ከተማው ሁሉ ይስቃል።»

«ቆይ፣ ማስፈራሪያውስ አመለጠ?»

«አላመለጠም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?» ዓይኗን ጠረገች። «ስማ ደባልቄ። ከእጄ ሰው አምልጦ አያውቅም የምትለውን ነገር መተው ካቃተህ ማማው ላይ ውጣና እዚያ ሆነህ በለው። የሚሰማህ አሞራ ነው።»

ደባልቄ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ በተገላበጠ ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። አረጋሽም በተንቋቋ ቁጥር ጨለማው ውስጥ ትስቃለች።

ኮሚቴው የተሰበሰበው በኮማንደር ሌንጂሳ ቢሮ ነው። ኮማንደሩ ሰብሳቢ ነው፤ ሚስጥር ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ሦስተኛው አባል ከፋይናንስ የመጣ፣ ከስልኩ ቀና የማይል ሰው ነው። በመስኮቱ ማማው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወለተሥላሴ ቀድማ ቆመች። «ሁለት ዓመት ወጤን በልቷል። አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብሎ አያውቅም። ሌላ የምትጠይቁኝ አለ?» የሚጠይቃት አልነበረም።

ዐወድ ተነሣ። ማለ። «ሳጅን ዘብ ነበር። አብረን ነበርን» አለ።

«በየትኛው ዓመት?» አለ ኮማንደሩ።

«ሁሪያ የተወለደ ዓመት።»

«ሁሪያ ማነው?»

«ልጄ ነው።»

«ወንድ?»

«ሴት ነው።»

ሚስጥር የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። የሁሪያ የልደት ማስረጃ ቀረበ፤ ዓመቱ ልክ ነው። ኮማንደሩ አየና መለሰው።

«ይህ ልጅህ መቼ እንደተወለደች ይናገራል። ልጅቱ የተወለደችው ቤት ነው፤ አንተ ጣቢያ ነበርክ። ሳጅኑ በዚያን ጊዜ ዘብ እንደነበረ በምን ከልጅህ ጋር አገናኘኸው? ሌላ ዘብ ሊሆን ይችላል እኮ።»

ዐወድ ወደ ደባልቄ ዞረ። ኮማንደሩም ዞረ፤ ሚስጥርም ብዕሯን አንሥታ ዞረች። ዐወድ ካልተናገረ ምስክርነቱ ይወድቃል፤ ይህ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ደባልቄ በመስኮቱ ወደ ማማው ተመለከተ። መሰላሉ በፀሐይ ያብለጨልጫል። እጁ ሳያውቀው ወደ ጉልበቱ ሄደ።

«ተናገር» አለ።

ዐወድ ተናገረ። አገዳውን፣ ኮፍያውን፣ ዶማውን አላስቀረም። ጩኸቱንም፣ ምስጋናውንም፣ ጉንፋኑንም አላስቀረም። የፋይናንሱ ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፋው። ሚስጥር ራሷን ወረቀቱ ላይ ቀበረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ወለተሥላሴ ከበር በኩል «እኔም ያን ማታ ባቄላ ወጥ ጨምሬለታለሁ፣ ሰው ሆኗል ስላለኝ» አለች።

የኮማንደሩ ፊት አልተለወጠም።

«ሳጅን፣ ከእጄ ሰው አምልጦ አያውቅም ትል ነበር።»

«እል ነበር፣ ጌታዬ።»

«በዚያ ቀን አገልግሎት ላይ ነበር እንበል? ምን ሲጠብቅ ነበር እንበል?»

«እኔን» አለ ዐወድ።

«አንተማ አልነበርክም።»

ሚስጥር ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ቱታው የማን ነበር?»

«የመንግሥት» አለ ደባልቄ።

«ዶማውስ?»

«እሱም።»

«ማታ ተመለሱ?»

«ሁለቱም ሙሉ።»

«እንግዲያው የመንግሥት ንብረት ሲጠብቅ ዋለ» አለችና ጻፈችው። የፋይናንሱ ሰው በዚህ ተስማማ። የመንግሥት ንብረት ካልጠፋ እሱን የሚያሳስበው ነገር የለም።

ኮማንደር ሌንጂሳ ብዕሩን አነሣ፤ ግን አልፈረመም።

«አንድ ነገር ንገረኝ፣ ሐጂ። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም። ቤትህ ደርሰሃል። ሱዳን ቅርብ ነው። ለምን ተመለስክ?»

«ያን ጊዜ አማርኛ ብዙ አላውቅም» አለ ዐወድ። «ጣቢያ ስገባ አንድ ሰው ሳጅንን አሳየኝ። ‹ይህ ሰው ይጠብቅሃል› አለኝ። እኔ ጠበቀን ከገበያ ነው የማውቀው። ሰው ሰውን ይጠብቃል፣ ነጋዴ መኪና ይጠብቃል። ሁሪያን ስም አወጣን፣ በጉን በላን። ሚስቴ አትሂድ አለ። አባቱም አትሂድ አለ። እኔ ግን አልኩ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ። እንግዳ አገር የመጣ ወጣት ነው፣ ዘመድ የለውም፣ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሰው አስጠብቆ መቅረት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሮጥኩ።»

ሚስጥር ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሌላ መጠበቅ እንዳለ መቼ አወቅህ?» አለች ሚስጥር።

«ከተፈታሁ በኋላ። የገበያ ልጆች ሲነግሩኝ ሦስት ቀን ተናደድኩ።»

ደባልቄ የመለዮውን ጫፍ ሲያሻሽ ቆየ። ዘመኑን ሙሉ ጠባቂ ነበር፤ አንድ ሰው ‹እየጠበቀኝ ነው› ብሎ ወደ እሱ ሮጦ እንደሚያውቅ አላሰበም ነበር። በዚያ ማታ ዐወድ ለምን ያለከልክ እንደነበር አሁን ገባው። እሱ የሥራ ድካም መስሎት ነበር።

ኮማንደሩ ፈረመ። ሃያ አምስቱ ዓመት ሞላ። ወረቀቱን ለሚስጥር ሲያቀብላት «ለማማው ሌላ ሰው ይፈለግ» አለ። ቀጥሎም «ካልተገኘ ሐጂ ዐወድ አንድ ማስፈራሪያ ይሥራልን» አለ። ፊቱ ያን ጊዜም አልተለወጠም፤ ስለዚህ ይቀልድ አይቀልድ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወሬው ደባልቄን ቀድሞት ቤቱ ደረሰ። ፀጉር ቆራጩ ከበሩ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ እንደ ማስፈራሪያ ቆመለት። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ለብዙ ቀን እስረኛው ሁሉ ሲያስል ሰነበተ። ደባልቄ ሳምንት ያህል ዝም አለ። ከዚያ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰዎች እየሰሙ፣ እንዲህ ሲል ተሰማ፦

«ከሌላው ዘብ እጅ ያመለጠ እንዳመለጠ ቀርቷል። ከእኔ እጅ ያመለጠ ግን በእግሩ ተመልሷል፤ ያውም እየሮጠ።»

ይህንንም የማይወዱት ባልደረቦቹ አልካዱትም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቆጠራውን አረጋሽ ወሰደችው። «አንተ ማስፈራሪያም ቆጥረህ ታስገባለህ» አለችው። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዶሮው ቤት ደጃፍ ቆማ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች።

«አንዷ ጎድላለች» አለች። «ገብስማዋ።»

ዱሮ ቢሆን ደባልቄ ዱላ ይዞ የጎረቤቱን አጥር ሁሉ ይፈትሽ ነበር። አሁን ከበርጩማው አልተነሣም።

«ትመጣለች» አለ።

«ብትቀርስ?»

«እየጠበቅኋት መሆኔን ታውቃለች።»

አረጋሽ ወገቧን ይዛ አየችው። «የትኛውን መጠበቅ ነው?»

ደባልቄ በርጩማውን ወደ ዶሮው ቤት ደጃፍ አስጠጋው። ጉልበቱ ተንቋቋ። ተቀመጠ።